ባለ ብዙ መሣሪያው የኪስ ሰንጢ፤ አመጣጡና ጠቀሜታው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕጩ መምህራንን ለማስተማር ልምምድ ይዘን ወደ አንድ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄደን ነበር። የዕለቱ ትምህርት ጂኦግራፊ ነው። በክፍሉ ውስጥ የነበረችው ሉል ከመቆሚያዋ ጋር የሚያያዛት ብሎን በመላላቱ፣ ዕጩ መምህሩ አፍሪካን ለማሳየት ባዞራት ቁጥር ዓለም በሞላ ከነውቅያኖሷ ወደ ወለሉ ትንከባለል ነበር። ተማሪዎቹ ሣቁ። ሁለተኛ ጊዜ ስትወድቅ ሣቁ ወደ ጩኸት ሊለወጥ ደረሰ። ዕጩ መምህሩ ግን ሳይደናገጥ ከኪሱ ቀይ እጀታ ያለው ሰንጢ አወጣና፣ ከጐኑ ካቻቢቴ መዞ ብሎኑን አጥብቆ ትምህርቱን ቀጠለ። ሥራው አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የክፍሉ ዐይን ሁሉ ከሉሏ ተነሥቶ በሰንጢው ላይ ዐረፈ። «እስኪ ያሳዩን» የሚለው ልመና በረታ። ዕጩ መምህሩም ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ስለቱን፣ መቀሱን፣ የቆርቆሮ መክፈቻውን፣ መብሻውንና ትንሿን ወረንጦ አንድ በአንድ እያወጣ አሳያቸው። በመጨረሻም ከፊት ወንበር አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ «ቲቸር፣ እነዚህ ሁሉ ባንድ ላይ እንዲሆኑ ያዘዘው ማነው?» ስትል ጠየቀች። ዕጩ መምህሩ ወደ ኋላ ወንበር፣ ወደ እኛ ተመለከተ። እኛ ደግሞ የግምገማ ቅጻችንን ተመለከትን፤ መልሱን አናውቀውም ነበርና።

ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ያውም ደኅና የታሪክ ጥያቄ። ልጅቷ «ማን ፈለሰፈው?» አላለችም፤ «ማን አዘዘው?» ነው ያለችው። እኛ መምህራን የዕቃዎችን ታሪክ ስናስተምር ብዙውን ጊዜ የፈልሳፊውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን አስጽፈን እናልፋለን። ዕቃው ለማን፣ ምን ቸግሮት፣ በምን ገንዘብ ተሠራ የሚለውን ግን እንዘለዋለን። ከዚያች ቀን ወዲህ ስለዚህ ሰንጢ ያገኘነውን ለሥራ ባልደረቦቻችንና ለተማሪዎች ለማካፈል የተነሣነው በዚሁ ምክንያት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የራሳችንን ቋንቋ እንመልከት። ስለቱ ተጣጥፎ በእጀታው ውስጥ የሚገባውን ትንሽ ቢላዋ ሰንጢ እንለዋለን። በሰንጢው ውስጥ ከተሰበሰቡት መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ከጥንት የምናውቃቸው ናቸው። ወስፌ ከስፌት ሠሪ እናቶቻችን እጅ አይለይም። ወረንጦ ባዶ እግሩን ለሚጓዝ መንገደኛ ከስንቁ የማያንስ ነገር ነበረ፤ እሾህ የወጋው እግር ከነእሾሁ ሩቅ አይሄድምና። ከብር የሚሠራው የጆሮ ኩክ ማውጫም እንደ ጌጥ ባንገት ይንጠለጠል ነበር። ስለዚህ ጥቃቅን መሣሪያን ከሰውነት ሳይለዩ ይዞ መዞር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አሳብ አይደለም። በሌላ በኩል ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ሞላ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ቃሉ ከዕቃው ጋር፣ ዕቃውም ብሎንና ሞላ ካለው መኪና ጋር ገባ። ብሎን በማይታወቅበት ቤት የካቻቢቴ ስም ለማንም አያስፈልግም። አንባቢ ይህን ነጥብ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ስዊዘርላንድ ስንደርስ ተመልሰን እናነሣዋለንና።

ብዙ መሣሪያ ባንድ እጀታ መሰብሰብ ራሱ እጅግ የቆየ ጥበብ ነው። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ ባለው በፊትዝዊሊያም ሙዚየም ውስጥ በ3ኛው መቶ ዓመት የተሠራ የሮማውያን ዕቃ ይገኛል። አካሉ ብር፣ ስለቱ ብረት ሲሆን፣ ማንኪያ፣ ሹካ፣ መውጊያ፣ የጥርስ መጐርጐሪያና አንዲት ጠፍጣፋ መጫሪያ ተጣጥፈው ይያያዙበታል። ብሩ እስከ ዛሬ ሲኖር የብረቱን ስለት ዝገት በልቶታል። ዕቃው ብር እንደ መሆኑ ባለቤቱ ተራ ሰው እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም።

በኋለኛው ዘመን ደግሞ ትንሹ ሰንጢ የጸሐፊ ዕቃ ሆነ። አውሮፓውያን በዝይ ላባ ይጽፉ በነበረበት ጊዜ የላባው ጫፍ ቶሎ ቶሎ ስለሚደንዝ ጸሐፊው ሁልጊዜ መቅረጫ ቢላዋ አጠገቡ ያኖር ነበር። እንግሊዞች ዛሬም ትንሹን የኪስ ሰንጢ «የብዕር ቢላዋ» በሚል ስም የሚጠሩት ከዚያ የተነሣ ነው። የእኛም አገር ቁም ጸሐፊዎች የመቃ ብዕራቸውን በስለት እየቀረጹ ነው ብራናውን የሚጽፉት። እኛ ራሳችን በልጅነታችን እርሳስ በምላጭ ቀርጸን፣ ጣታችንንም አብረን ቀርጸን ነው የተማርነው። እንግዲህ የኪስ ስለት በወታደር ወገብ ከመታወቁ በፊት በጸሐፊና በመምህር ጠረጴዛ ላይ ይታወቅ ነበር ብንል ለሙያችን ማድላት አይሆንብንም።

በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ የስለት ሥራ መዲና ሸፊልድ ነበረች። በዚያ ይሠራ የነበረው የጆሴፍ ሮጀርስ ድርጅት በ1822 ዓ.ም. ልክ 1822 ስለቶች ያሉት ሰንጢ ሠርቶ ነበር። ይህን ያህል ስለት የተሰካበት ነገር በኪስ ይያዛል ብሎ የሚያስብ የለም፤ ለመታየትና ለመደነቅ የተሠራ ነው። ቁም ነገር ያላቸውም ነበሩ። አሜሪካዊው ደራሲ ኸርማን ሜልቪል በ1851 ባሳተመው «ሞቢ ዲክ» በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ ከስለት ሌላ ካቻቢቴ፣ የቡሽ መንቀያ፣ ወረንጦና ወስፌ ስላላቸው የሸፊልድ ሰንጢዎች ይናገራል። እንግዲህ ዕቃው ስዊሶች ከመጀመራቸው 40 ዓመት አስቀድሞ በገበያ ላይ ነበረ ማለት ነው። ታዲያ ለምን ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በስዊሶች ስም ሆነ? የልጅቷ ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው።

በ1889 የስዊዘርላንድ ጦር ሽሚት ሩቢን የሚባል አዲስ ጠመንጃ ተቀበለ። ጠመንጃው በጊዜው ዘመናዊ ነበር፤ ለማጽዳትና ለመጠገን ግን ወታደሩ ብሎን መፍታትና ማሠር ነበረበት። ካቻቢቴ አስፈለገ። በዚያው ዘመን የወታደር ስንቅ በቆርቆሮ እየታሸገ መቅረብ ጀምሮ ነበር። እዚህ ላይ ስለ ቆርቆሮ ጥቂት ማለት ይገባል። ምግብን በቆርቆሮ የማሸግ መብት በእንግሊዝ አገር የተመዘገበው በ1810 ነው። ለዚሁ ሥራ ተብለው የተሠሩ መክፈቻዎች የታወቁት ግን በ1850ዎቹ ነው። በመካከሉ ባለው 40 ዓመት ከሚያህል ጊዜ ሰዎች ቆርቆሮውን በመሮና በመዶሻ፣ ወታደሮችም በሳንጃ እየበሱ ነበር የሚበሉት። አንድን ነገር አጥብቆ መዝጋትን ያወቀ ሰው መክፈቻውን ለማሰብ ይህን ያህል ጊዜ መፍጀቱ ያስገርማል።

ስለዚህ የስዊስ ጦር አለቆች እያንዳንዱ ወታደር ካቻቢቴ፣ የቆርቆሮ መክፈቻ፣ የቆዳ መብሻና ስለት የተባሉትን አራት መሣሪያዎች ባንድ እጀታ አጣጥፎ የያዘ ሰንጢ እንዲሰጠው ወሰኑ። ከነዚህ መካከል ጥንታዊዎቹ ስለቱና መብሻው ናቸው። ሁለቱ አዳዲሶች ደግሞ ከሁለት አዳዲስ ዕቃዎች፣ ማለትም ከጠመንጃው ብሎንና ከታሸገው ቆርቆሮ ተወለዱ። ከላይ ስለ ካቻቢቴ ያነሣነው ነጥብ ይኸው ነው። ሰንጢውን የዘረጋ ሰው በዚያ ዘመን የነበረው ወታደር ምን ምን ይከፍት እንደ ነበረ ዝርዝሩን ያነባል። «የ1890 ሞዴል» የተባለው ይህ ሰንጢ የእንጨት እጀታ ነበረው፤ ሲታጠፍ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክብደቱም 144 ግራም ነበር። ለኪስ ትንሽ ይከብዳል፤ ቢሆንም ካቻቢቴና መክፈቻ ለየብቻ ከመሸከም ይሻላል።

ችግሩ ስዊዘርላንድ ውስጥ ይህን ያህል ሰንጢ ባንድ ጊዜ ሊሠራ የሚችል ፋብሪካ አለመኖሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ 15,000 ሰንጢዎች የታዘዙት በጀርመን አገር በስለት ሥራ በታወቀችው በዞሊንገን ከተማ ከሚገኝ ቬስተር ከሚባል ድርጅት ነበር። ዛሬ የስዊዘርላንድ መለያ ሆኖ የሚታየው ዕቃ የመጀመሪያ ልደቱ ጀርመን ነው ስንል ተማሪዎቻችን አያምኑንም።

ካርል ኤልዘነር ወደ ታሪኩ የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። ኤልዘነር በ1860 የተወለደ የባርኔጣ ሠሪ ልጅ ሲሆን፣ የአባቱን ሥራ ትቶ የስለት ሥራ ተማረ፤ በፈረንሳይና በጀርመንም ተዘዋውሮ ሙያውን አዳበረ። በ1884 ሽቪትስ በሚባለው ክፍለ ግዛት ኢባኽ በምትባል መንደር የራሱን ዎርክሾፕ ከፈተ። መሞረጃዎቹን የሚያዞረው የወንዝ ውሃ ነበር። በዚያ ዘመን ስዊዘርላንድ ዛሬ የምናውቃት ሀብታም አገር አልነበረችም፤ በተለይ በተራራማዎቹ ቀበሌዎች መሬት ጠባብ፣ ሥራም ጥቂት በመሆኑ ብዙ ሰው ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ይሰደድ ነበር። ኤልዘነር የራሱ አገር ጦር ሰንጢውን ከውጭ መግዛቱ አልተዋጠለትም። ሥራው ለአካባቢው ወጣቶች እንጀራ ሊሆን ይችላል ብሎ ሌሎች ስለት ሠሪዎችን አስተባብሮ ማኅበር አቋቋመ፤ በ1891ም የመጀመሪያውን ሰንጢ ለጦሩ አስረከበ።

ቀጥሎ የደረሰበትን ብዙ ጊዜ አንሰማውም። የዞሊንገን ፋብሪካዎች በማሽን በብዛት ስለሚሠሩ ያንኑ ሰንጢ ባነሰ ዋጋ አቀረቡ። የማኅበሩ አባላት አንድ በአንድ ተለዩት። እርሱ ብቻውን ቀጥሎ ያለ የሌለውን ገንዘብ ጨረሰ፤ ሊከስር ሲል ዘመዶቹ ደርሰው አተረፉት። ይህን የምንተርከው «በርታ፣ ይሳካልሃል» የሚል ምክር ለመስጠት አይደለም። ዘመድ ያልደረሰላቸው ስንት ስለት ሠሪዎች እንደ ነበሩ ታሪክ አልመዘገበም። ነገር ግን ተማሪ የመጻሕፍቱን አጭር ቃል፣ «በ1891 ተመሠረተ» የሚለውን ሲያነብ፣ ከቃሉ በስተጀርባ ዕዳ እንዳለ ቢያውቅ ደግ ነው።

ወደ አገራችን ጥቂት እናዘንብል። ኤልዘነር ተለማማጅ በነበረበት ዘመን፣ በ1879፣ አልፍሬድ ኢልግ የተባለ ስዊሳዊ መሐንዲስ ወደ ሸዋ መጥቶ በምኒልክ ዘንድ ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ ታዞ እንደ ነበረ ይተረካል። ንጉሡ የእጅ ሥራ ዐዋቂ ከባሕር ማዶ ሲያስመጡ፣ በአገራችን ብረት ቀጥቅጦ ማረሻውን፣ ካራውንና ወረንጦውን የሚሠራው ሰው ግን «ቀጥቃጭ» እየተባለ ይናቅ፣ በቡዳነትም ይጠረጠር ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው ይታወቃል። ዐዋጅ ማስፈለጉ ራሱ ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ኢባኽ የባርኔጣ ሠሪው ልጅ ስለት ሠሪ ቢሆን የሚያፍርበት አልነበረም። ይህን ልዩነት በታሪክ ክፍለ ጊዜ ከልጆቹ ጋር መነጋገር ይቻላል፤ እኛ ሞክረነዋል፤ ክርክሩ ከደወሉ በኋላም አልቆመም። አንዱ ተማሪ አያቱ ብረት ሠሪ እንደ ነበሩ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ።

ወደ ኤልዘነር እንመለስ። የወታደሩ ሰንጢ ጠንካራ ቢሆንም ከባድ ነበር። ኤልዘነር ቀለል ያለ፣ መሣሪያው ግን የበዛ ሌላ ሰንጢ አሰበ። ብልሃቱ በሞላው ላይ ነው፤ ይህንንም የፊዚክስ መምህራን ቢያስተውሉት እንወዳለን። በሰንጢ ጀርባ ላይ አንድ ቀጭን የብረት ሞላ አለ። ስለቱ ሲወጣ ሞላው የስለቱን ሥር ይጫንና ባለበት ያቆየዋል፤ ሲታጠፍም ያንኑ ያደርጋል። ከዚያ በፊት ሞላው በአንድ ወገን ያሉትን መሣሪያዎች ብቻ ያገለግል ነበር። ኤልዘነር ያንኑ ሞላ በጀርባ በኩል ለሚወጡትም መሣሪያዎች እንዲያገለግል አደረገው። በዚህም በሁለት ሞላ ብቻ ስድስት መሣሪያዎችን አኖረ፤ አራቱ የወታደሩ፣ አምስተኛው ትንሽ ስለት፣ ስድስተኛው የቡሽ መንቀያ ናቸው። በሰኔ 12 ቀን 1897 «የመኮንኖችና የስፖርት ሰንጢ» ብሎ በሕግ አስመዘገበው። ሆኖም ጦሩ ይህን ሰንጢ ለመኮንኖቹ አላደለም፤ የወይን ጠጅ ቡሽ መንቀል የጦር ሜዳ ግዴታ አይደለምና። መኮንኖቹ ግን ከኪሳቸው እያወጡ ገዙት። እንግዲህ ለልጅቷ ጥያቄ ሁለት መልስ አለ ማለት ነው፤ የመጀመሪያውን ሰንጢ ጦሩ አዘዘ፤ ሁለተኛውን ግን ማንም ሳያዝዝ ገዢ አገኘ።

የኤልዘነር እናት ቪክቶሪያ በ1909 ዐረፈች። ልጇም ድርጅቱን በስሟ ጠራው። በ1921 የማይዝግ ብረት በሥራ ላይ ሲውል በፈረንሳይኛ ለዚህ ብረት የሚሰጠው «ኢኖክስ» የሚለው ቃል በእናቱ ስም ላይ ተቀጠለና «ቪክቶሪኖክስ» ተባለ። ሮማዊው ሰንጢ ስለቱን በዝገት ማጣቱን ያስታወሰ አንባቢ የዚህ ቃል ክብደት ይገባዋል። በፈረንሳይኛ ተናጋሪው ወገን ደግሞ ቬንገር የሚባል ሌላ ድርጅት ይኸንኑ ሰንጢ ይሠራ ነበር። መንግሥት ከ1908 ጀምሮ የጦሩን ትእዛዝ ለሁለቱ እኩል አካፈለ፤ ጀርመንኛ ተናጋሪውና ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ወገን ቅር እንዳይሰኙ ነው። ይህ ክፍፍል ለመቶ ዓመት ያህል ቆየ፤ በ2005 ቪክቶሪኖክስ ቬንገርን ገዛው።

ሰንጢው የዓለም የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በአውሮፓ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ለቤተሰብ ስጦታ እያሉ በብዛት ገዙት፤ ጀርመንኛውን «ኦፊጺርስሜሰር» የሚለውን ስም ግን ምላሳቸው እምቢ ስላላቸው «የስዊስ ጦር ቢላዋ» አሉት። የሚታወቅበት ስም የወጣለት እንግዲህ በገዢው ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ የመጀመሪያውን መንገድ ይከተላል፤ የሚከፈተው ነገር ሲለወጥ መክፈቻው ይለወጣል። ባለ መስቀል ራስ ብሎን ከ1930ዎቹ ወዲህ በፋብሪካዎች እየተስፋፋ ሲሄድ ሰንጢውም ባለ መስቀል ካቻቢቴ ጨመረ። የስዊስ ጦር በ2008 ባወጣው አዲስ ሞዴል ላይ ይህ ካቻቢቴ፣ የእንጨት መጋዝና ባንድ እጅ የሚከፈት፣ ሲከፈትም የሚቆለፍ ስለት ይገኛሉ። በ1991 ደግሞ በአንዳንዶቹ ሰንጢዎች ጀርባ ላይ ትንሽ ሜንጦ ተጨመረች። ምንነቷን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ በሲባጎ የታሠረ ዕቃ ሲሸከሙ ሲባጎው ጣት እንዳይቈርጥ ማንጠልጠያ ናት።

ቲም ሌዘርማን የተባለ አሜሪካዊ በ1975 ከባለቤቱ ጋር ባረጀች ፊያት አውሮፓንና መካከለኛው ምሥራቅን ሲዞር መኪናዋ በየመንገዱ ትበላሽበት፣ የሆቴሎቹም የውሃ ቧንቧ ያፈስበት ነበር። በኪሱ ሰንጢ ነበረው፤ ያጣው ፒንሳ ነው። አገሩ ሲመለስ ፒንሳውን መካከል አድርጎ ሌሎቹን መሣሪያዎች በእጀታው ውስጥ ያጠፈ አዲስ ዕቃ ሠራ። የሰንጢ ፋብሪካዎች «ይህ ሰንጢ አይደለም» አሉት፤ የመሣሪያ ፋብሪካዎችም የእኛ አይደለም ብለው መለሱት። ለሽያጭ የቀረበው በ1983 ነው። በአሮጌ ፊያት የተጓዘ አንባቢያችን ሰውየው ለምን ፒንሳ እንዳማረው ማስረጃ የሚጠይቅ አይመስለንም። ከዚህ የሚገርመው ግን በኅዳር ወር 1995 የሆነው ነው። አትላንቲስ የተባለችው የአሜሪካ መንኩራኩር ሚር ከተባለው የሩሲያ የጠፈር ጣቢያ ጋር ስትገናኝ፣ መግቢያው በር በማሠሪያ ተጠፍንጎ ስለ ነበረ ካናዳዊው ጠፈርተኛ ክሪስ ሀድፊልድ የከፈተው በስዊስ ሰንጢ ነበር።

ከጠፈር ወደ ክፍላችን እንውረድ። ይህን ዕቃ በኪስ መያዝ ለመምህር ምን ይጠቅመዋል? በማሠልጠኛ ተቋማችን ከሚያጋጥመን ብቻ እንናገር። የትምህርት መርጃ መሣሪያ የምንሠራው ከካርቶን፣ ከጣሳና ከሽቦ ነው። ካርቶኑን የሚቈርጥ፣ ጣሳውን የሚበሳ፣ ሽቦውን የሚልጥ መሣሪያ በአንድ ላይ ሲገኝ ዕጩ መምህሩ ዕቃ ቤት ኀላፊውን ፍለጋ ግማሽ ቀን አያባክንም። የላላ የሶኬት ክዳን፣ ብሎኑ የወለቀ መነጽር፣ ሽቦ የነከሰ ስቴፕለር፣ እጅ ላይ የገባ የወንበር ስንጥር፣ እነዚህ ሁሉ የአንድ ደቂቃ ሥራ ናቸው። ያ ደቂቃ ሲያልፍ ግን ነገሩ «የጥገና ጥያቄ ቅጽ» ይሆንና ለወራት ይቆያል። ኤሌክትሪክ ከመነካቱ በፊት ቆጣሪው መጥፋት እንዳለበት መናገር አያስፈልግም ነበር፤ ግን እንናገራለን።

ጉድለቱንም አንደብቅም። በአብዛኛዎቹ የኪስ ሰንጢዎች ስለቱ አይቆለፍም፤ ሞላው ብቻ ነው የሚይዘው። ወደ ፊት እየገፉ ሊበሱበት ሲሞክሩ ተመልሶ ጣት ላይ ይታጠፋል። ከመካከላችን የዚህ ጠባሳ የሌለው ጥቂት ነው። ለመብሳት መብሻው አለ፤ ስለቱ ለመቈረጥ ብቻ ነው። የሰንጢው ካቻቢቴም እጀታው ጠፍጣፋ በመሆኑ ዝገት የነከሰው ብሎን አይፈታም፤ ለዚያ እውነተኛ ካቻቢቴ ያስፈልጋል።

ከዚህም በላይ ስለት ስለት ነው። ተማሪ ሰንጢ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት እንዲመጣ አንመክርም፤ መምህሩም ቢሆን በክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ትቶት አይሂድ። ከመስከረም 2001 የአሜሪካ ጥቃት በኋላ በአውሮፕላን ውስጥ ስለት መያዝ ሲከለከል ሰንጢው በአውሮፕላን ማረፊያ ሱቆች መሸጡ ቀረ፤ የቪክቶሪኖክስም ገበያ በብርቱ ተጐዳ። ድርጅቱ ግን ሠራተኛ ከመቀነስ ይልቅ ጥቂቶቹን ለሌሎች ድርጅቶች በውሰት ሰጥቶ ክፉውን ጊዜ አሳልፏል። በ2024 ደግሞ በየአገሩ ስለ ስለት የሚወጡት ሕጎች እየጠነከሩ በመሄዳቸው፣ ስለት የሌለበት፣ ሌሎቹ መሣሪያዎች ብቻ ያሉበት ዕቃ በማዘጋጀት ላይ መሆኑን አስታወቀ።

በሚቀጥለው ዓመት ለልምምድ ወደዚያው ትምህርት ቤት ስንመለስ ልጅቷ ክፍል አልፋ ነበር። አስጠርተን መልሱን ነገርናት። «የስዊስ ጦር ነው ያዘዘው» ስንላት ጥቂት አሰበችና፣ «እኔ እናት ያዘዘችው መስሎኝ ነበር» አለች። ይህን ከሰማን በኋላ ዕጩ መምህራኑ ለክፍሉ አንድ ሥራ ሰጡ፤ እያንዳንዱ ተማሪ ለሚያውቀው ሰው የሚሆን ሰንጢ ሥሎ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ምን እንደሚከፍት ከጐኑ ይጻፍ የሚል። የባጃጅ ሹፌር ወንድም ያለው ልጅ ፒንሳና የሻማ መፍቻ ሣለ። አንዱ ለእረኛ ወንድሙ ወረንጦና ዋሽንት መብሻ ሣለ። ሌላው ለመምህሩ ብሎ እርሳስ መቅረጫና የስልክ ሲም ካርድ ማውጫ አደረገ። ያቺ ልጅም ከክፍሏ መጥታ የእናቷን ሣለች፤ ወስፌ፣ ወረንጦ፣ የጄሪካን ክዳን ማላቀቂያ፣ የባትሪ ድንጋይ መክፈቻና ትንሽ መቀስ። ስለት አልነበረበትም። ረስታው እንደ ሆነ ስንጠይቃት፣ «ቢላዋማ ከቤት አለ፤ ሁልጊዜ የሚጠፋት ሌላው ነው» አለችን።